ለንደን ውስጥ የጦርነት ፎቶግራፍ ለማየት የትኛው ቤት ይሻላል?

የጦርነት ፎቶግራፍ በቅርበት ማየት የሚፈልግ ሰው ለንደን ውስጥ የሚቸገረው በማጣት ሳይሆን በመምረጥ ነው። ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም፣ ቴት ብሪተንና ቴት ሞደርን፣ ዘ ፎቶግራፈርስ ጋለሪ፣ እንዲሁም ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ከጦርነት ጋር የተያያዙ ፎቶግራፎችን በቋሚነት ወይም በየጊዜው በሚከፍቷቸው ዐውደ ርእዮች ያሳያሉ። የመግቢያ ዋጋና የመንገድ ርቀት ምርጫውን የሚያግዙ ቢሆኑም ዋናው መለያ ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ፎቶግራፉን ግድግዳ ላይ የሰቀለው ለምን ጉዳይ እንደሆነ ነው። አንዱ እንደ ማስረጃ፣ ሌላው እንደ ጥበብ ሥራ፣ ሦስተኛው እንደ ክርክር ያቀርበዋል፤ ይህን ሳያውቅ የገባ ጎብኚ የፈለገውን ሳያገኝ፣ ያልፈለገውን ደግሞ ጠግቦ ይወጣል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልዩነቱን ለማየት የአንድን ሰው ሥራ በሁለት ቤቶች ማነጻጸር ይበቃል። በ1935 ለንደን ውስጥ የተወለደው ዶን ማካሊን ቆጵሮስን፣ ኮንጎን፣ ቢያፍራን፣ ቬትናምን፣ ሰሜን አየርላንድንና ቤይሩትን በጦርነታቸው ጊዜ ያነሳ ፎቶ ጋዜጠኛ ሲሆን፣ ሥራው በዚህችው ከተማ በሁለት ትልልቅ ቤቶች ለየብቻው ቀርቧል፤ ከ2011 መጨረሻ እስከ 2012 በኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም፣ በ2019 ደግሞ በቴት ብሪተን። በጦርነት ሙዚየሙ ፎቶዎቹ የቀረቡት ከታተሙባቸው መጽሔቶችና ከግል ዕቃዎቹ ጋር ነበር፤ ለእሱ የተተኮሰ ጥይት የመታው ኒኮን ካሜራም ከዕቃዎቹ አንዱ ነው። ጎብኚው ከዚያ ካሜራ ፊት ሲቆም የሚያስበው ስለ ሰውዬው ነው፤ ማን እንደላከው፣ እንዴት እንደተረፈ፣ ያነሳውስ በየትኛው መጽሔት ወጥቶ ማን እንዳየው። በቴት ብሪተን ግን የቀረቡት ማካሊን በጨለማ ክፍሉ ውስጥ በገዛ እጁ ያተማቸው ከ250 በላይ ፎቶግራፎች ነበሩ፤ ዓይንም የሚያርፈው በህትመቱ ላይ፣ በተለይም በጥቁረቱ ላይ ነው።

በ1968 በቬትናሟ ሁዌ ከተማ ውስጥ የተነሳውን፣ በፍንዳታ ድንጋጤ የደነዘዘውን አሜሪካዊ ማሪን ብዙዎች በመጽሐፍም በኢንተርኔትም አይተውታል። ጠመንጃውን በሁለት እጁ ጨብጦ ከካሜራው ባሻገር ያፈጠጠ ወጣት ነው። በስልክ መስታወት ላይ የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነው፤ በጥሩ ህትመት ፊት የቆመ ሰው ግን የእጆቹን እድፍ፣ የጣቶቹን አጨባበጥ፣ ከራስ ቁሩ በታች የወረደውን ጥላ ያያል፤ ማካሊን ተከታታይ ክፈፎች ሲያነሳው ሰውዬው ዓይኑን እንኳ አለማርገቡም ያን ጊዜ በደንብ ይገባዋል። እዚህ ላይ ማስታወስ የሚገባው ነገር ቢኖር ማካሊን አርቲስት መባልን ደጋግሞ የተቃወመ ሰው መሆኑ ነው። የጥበብ ሙዚየም አዳራሽ የሰጠው ይህንኑ እያወቀ ነው፤ እኔ በበኩሌ ክብሩንም ተቃውሞውንም እኩል ትክክል ሆነው አገኛቸዋለሁ።

ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም፦ መነሻ ለሚፈልግ

ይህ ሙዚየም የተቋቋመው በ1917፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያበቃ ነው። ከ1936 ጀምሮ የሚገኝበት የላምቤዝ ሕንጻ ቀድሞ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ከደጃፉ ሁለት ግዙፍ የባሕር ኃይል መድፎች ተተክለውበታል። መግቢያው ነጻ ነው። በይዞታው ከ10 ሚሊዮን በላይ ፎቶግራፎች አሉ፤ ለጎብኚ የሚታየው ከዚህ ውስጥ እጅግ ጥቂቱ ብቻ ቢሆንም ብዙው በድረ ገጹ ሊፈለግ ይችላል።

በኅዳር ወር 2023 ሙዚየሙ ለሥዕል፣ ለፊልምና ለፎቶግራፍ ብቻ የተለዩ ቋሚ አዳራሾችን ከፍቷል። የእነዚህ አዳራሾች ጥቅም ፎቶግራፉን ለብቻው አለማሳየታቸው ነው። ጆን ሲንገር ሳርጀንት በ1919 የጨረሰው፣ በመርዝ ጋዝ ዓይናቸው የተሸፈነ ወታደሮች አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዘው ሲሄዱ የሚያሳየው ስድስት ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ሥዕል እዚያው ነው፤ ጎብኚው ሠዓሊው ከጦርነቱ በኋላ በስቱዲዮው አቀናብሮ የሠራውንና ፎቶ አንሺው ወይም ፊልም ቀራጩ በቦታው ተገኝቶ የቀረጸውን በአንድ ጉብኝት ያስተያያል። ከዚህም በላይ አዳራሾቹ “ይህን ሰው ማን ላከው?” የሚለውን ጥያቄ ደጋግመው ያስነሳሉ። ለምሳሌ የፋሽንና የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው ሴሲል ቢተን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለብሪታንያ የማስታወቂያ ሚኒስቴር በሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎችን አንሥቷል። ከእነዚህ አንዷ፣ በ1940 በቦምብ ተመትታ ራሷ በፋሻ የተጠቀለለች አሻንጉሊቷን ያቀፈች ሕፃን በሆስፒታል አልጋ ላይ የምታሳየው፣ የአሜሪካው ላይፍ መጽሔት ሽፋን ሆና ወጥታለች፤ ብሪታንያ የአሜሪካን ርዳታ አጥብቃ በምትሻበት በዚያ ወር። የሕፃኗ ቁስል እውነተኛ ነው፤ ፎቶው ለምን እንደተነሳም እንደዚያው ግልጽ ነው። ሁለቱን አብሮ መያዝ የሚያስተምር ሙዚየም ጥሩ ሙዚየም ነው።

ጊዜያዊ ዐውደ ርእዮቹም ከዚሁ መንፈስ አይርቁም። በ2024 የቀረበው የቲም ሄዘሪንግተን ዐውደ ርእይ በነጻ የሚታይ ነበር። ሄዘሪንግተን በላይቤሪያና በአፍጋኒስታን ሠርቶ በሚያዝያ 2011 ሚስራታ፣ ሊቢያ ውስጥ የተገደለ ፎቶ አንሺ ሲሆን፣ ትቶት ያለፈው የፎቶና የፊልም ክምችት በዚሁ ሙዚየም ይገኛል። በአፍጋኒስታን ኮሬንጋል ሸለቆ የተኙ አሜሪካውያን ወታደሮችን ያነሳበት ተከታታይ ሥራ ውጊያ የሌለበት የጦርነት ፎቶ ነው፤ ትጥቁን ፈትቶ፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ የተኛ ጎረምሳ እናቱ ቤት የተኛ ይመስላል።

ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛው ጫጫታው ነው፤ ከጣሪያው ስፒትፋየር አውሮፕላን የተንጠለጠለበትና ቪ-2 ሮኬት የቆመበት መካከለኛ አዳራሽ በትምህርት ቀን በተማሪ፣ በበዓል ቀን በቤተሰብ ይሞላል። ሁለተኛውና ዋናው ታሪኩ የሚነገረው ከብሪታንያና ከኮመንዌልዝ ወገን ሆኖ መሆኑ ነው። ይህን ለመረዳት ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። በሙዚየሙ ክምችት ውስጥ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1941 በተያዘው የደምበጫ ምሽግ ውስጥ ከብሪጋዴር ሳንድፎርድና ከኮሎኔል ዊንጌት ጋር የተነሱት ፎቶግራፍ ይገኛል። ንጉሠ ነገሥቱ መሀል፣ ሁለቱ የእንግሊዝ መኮንኖች ግራና ቀኝ ናቸው። ፎቶው ትክክለኛ ማስረጃ ነው፤ ነገር ግን አምስት ዓመት በዱር በገደል የተዋጋው አርበኛ በክፈፉ ውስጥ ስፍራ አላገኘም፤ ካሜራውን የያዘው የእንግሊዝ ጦር ነበርና። በዚህ ቤት ማንኛውንም ፎቶ ሲያዩ ከክፈፉ ውጭ የቀረው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ቴት፦ ቀስ ብሎ ማየት ለሚችል

ቴት ብሪተንም ሆነ ከቀድሞ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የተለወጠው ቴት ሞደርን ቋሚ ስብስባቸውን በነጻ ያሳያሉ፤ ትልልቆቹ ጊዜያዊ ዐውደ ርእዮች ግን በትኬት ናቸው። ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 25 የሆኑ ወጣቶች ቴት ኮሌክቲቭ በተባለው ማኅበር በነጻ ቢመዘገቡ በ5 ፓውንድ ሊገቡ ስለሚችሉ፣ ተማሪ ልጅ ያለው ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው። ከጦርነት ሙዚየሙ በተለየ ቴት ሁልጊዜ የጦርነት ፎቶ ይኖረዋል ብሎ መሄድ አይቻልም። ሲኖረው ግን አደራደሩ ራሱ ሐሳብ ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነው ከ2014 መጨረሻ እስከ 2015 መጀመሪያ በቴት ሞደርን የቀረበው፣ ግጭትን፣ ጊዜንና ፎቶግራፍን በአንድ ያጣመረው ዐውደ ርእይ ነው። ፎቶዎቹ የተደረደሩት በጦርነቶቹ ቅደም ተከተል ወይም በአገር አልነበረም፤ መስፈርቱ እያንዳንዱ ፎቶ ከድርጊቱ በኋላ ምን ያህል ጊዜ ቆይቶ እንደተነሳ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል በቅጽበት ውስጥ የተነሱትን ይዞ፣ ወደ ቀናት፣ ወደ ሳምንታት፣ ወደ ወራት፣ ከዚያም ወደ ዓመታት ይሄዳል። ሉክ ደላኤ በ2001 አፍጋኒስታን ውስጥ ያነሳው የአሜሪካ ቦምብ ጭስ፣ ሰማይና ሜዳው ሰፊ ሆኖ ጭሱ ከሩቅ የሚነሳበት፣ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነበር። ሶፊ ሪስቴልዌበር ከ1991 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ወራት በኋላ የኩዌትን በረሃ ከላይም ከቅርብም አንሥታ ምሽጉንና የታንክ ዱካውን ከቆዳ ላይ ጠባሳ እስከማይለይ ድረስ አሳይታለች። በመጨረሻ የመጣችው ክሎይ ዲው ማቲውስ ነበረች፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈሪነት ወይም በመክዳት ተከስሰው በገዛ ወገናቸው የተረሸኑ ወታደሮች የሞቱባቸውን ቦታዎች ከ99 ዓመት በኋላ፣ የግድያው ሰዓት በነበረው ንጋት ላይ ሄዳ አነሳቻቸው። የሚታየው እርጥብ ሜዳ፣ ዛፍ ወይም የድንጋይ ግድግዳ ነው። ሰው የለም፤ ደም የለም፤ ከሥሩ የተጻፈውን ስምና ቀን ያላነበበ ሰው የገጠር ፎቶ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ጥንካሬውም ድክመቱም እዚሁ ላይ ነው። እንዲህ ያለው አቀራረብ ጎብኚውን ከድንጋጤ ወደ ማሰብ ይወስደዋል፤ ነገር ግን ጦርነቱን ማን እንደጀመረው፣ ስንት ሰው እንደሞተ፣ እንዴት እንዳበቃ በዝርዝር አይነግረውም። ስለ ባሕረ ሰላጤው ጦርነት ምንም ያላነበበ ሰው በኩዌት አሸዋ ፎቶዎች ፊት ቢሰላች አልፈርድበትም። ስለዚህ ለቴት ዐውደ ርእይ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ስለ ጉዳዩ ጥቂት ማንበብ፣ ካልሆነም በቤቱ የሚሰጠውን የድምፅ አስጎብኚ መጠቀም ያዋጣል።

ዘ ፎቶግራፈርስ ጋለሪ፦ ከፎቶ ጋር ለሚከራከር

በ1971 ሱ ዴቪስ የመሠረተችው ይህ ጋለሪ ዛሬ ከኦክስፎርድ ሰርከስ ባቡር ጣቢያ ጥቂት እርምጃ ርቆ በራሚሊስ ጎዳና ይገኛል። ሕንጻው ጠባብና ባለ ብዙ ፎቅ ስለሆነ ጉብኝቱ ከሁለት ሰዓት አያልፍም። መግቢያው በክፍያ ነው፤ ዓርብ ማምሻውን በነጻ የማስገባት ልማድ አለው። ጦርነት የቤቱ መደበኛ ርእስ ባይሆንም በየዓመቱ በሚያቀርበው፣ ዶይቸ ቦርዘ በተባለው የፎቶግራፍ ሽልማት ዐውደ ርእይ ላይ ደጋግሞ ይመጣል። በ2019 ሽልማቱን ያሸነፈችው ሱዛን ሚዜላስ ለዚህ ዓይነተኛ ናት። በሐምሌ 1979 ኒካራጓ ውስጥ፣ በፔፕሲ ጠርሙስ የተሠራ ተቀጣጣይ ቦምብ ሊወረውር እጁን ወደ ኋላ የሳበ ታጋይ አንሥታ ነበር፤ ፎቶው ከዚያ ወዲህ በግድግዳ ሥዕል፣ በክብሪት ሣጥንና በፖስተር ላይ ሁሉ ተባዝቷል። ሚዜላስ ከዓመታት በኋላ ተመልሳ ፎቶዎቿን በትልቁ አሳትማ በተነሱባቸው ስፍራዎች ላይ አቆመቻቸው፤ የአካባቢው ሰው ቆሞ እንዲያያቸው፣ ስለ እነርሱም እንዲናገር። የተነሳው ሰው በፎቶው ላይ ምን መብት አለው? ፎቶ የሚያነሱ፣ በተለይም ጋዜጠኛ መሆን የሚፈልጉ ወጣቶች ይህ ጥያቄ በቁም ነገር የሚነሳበትን ቤት ከሁሉ አስቀድመው ቢያዩ እመርጣለሁ።

ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት፣ እና የመቅደላ ጉዳይ

የጦርነት ፎቶ ዐውደ ርእይ በዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። ሮጀር ፌንተን በ1855 የወይን ጠጅ ነጋዴ ጋሪ ወደ ጨለማ ክፍል ለውጦ ወደ ክራይሚያ ሄደና፣ በዚያው ዓመት መጸው ከ300 በላይ ፎቶዎቹን ለንደን ፖል ሞል ላይ ለሕዝብ አሳየ። ከእነርሱ እጅግ የታወቀው የመድፍ አረር የተበተነበት ባዶ ሸለቆ ነው። የዚህ ቦታ ሁለት ፎቶዎች አሉ፤ በአንደኛው አረሮቹ ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ናቸው፣ በሌላው መንገዱን ሞልተውታል። የትኛው ቀድሞ እንደተነሳ፣ አረሮቹንም ሆን ብሎ ያስቀመጣቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ ሰዎች ይከራከራሉ። ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ከ1850ዎቹ ጀምሮ ፎቶግራፍ የሰበሰበ ሙዚየም ነው፤ የሮያል ፎቶግራፊክ ሶሳይቲ ስብስብም በ2017 ወደዚያ ተዛውሯል፤ በ2018 ተከፍቶ በ2023 የሰፋው የፎቶግራፍ ማዕከሉም በነጻ ይታያል። ሆኖም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ህትመት በብርሃን ስለሚደበዝዝ ክፍሎቹ ደብዛዛ ናቸው፤ ሥራዎቹም በየጊዜው ይቀያየራሉ። አንድን ፎቶ ብቻ ዓላማ አድርጎ ከመሄድ በፊት መታየቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ቤት ሌላ ትርጉምም አለው። በ1868፣ በእኛ 1860 ዓ.ም.፣ ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የሮያል መሐንዲሶች ፎቶ አንሺዎችን ይዞ ነበር። በዚያ ዘመን ፎቶ የሚነሳው ኮሎዲዮን የተባለ ፈሳሽ በተቀባ መስታወት ላይ ሲሆን፣ መስታወቱ ሳይደርቅ መነሳትም መታጠብም ስለነበረበት ድንኳኑ፣ መድኃኒቱና መስታወቱ ሁሉ ያን ተራራ አብረው መውጣት ነበረባቸው። የሚንቀሳቀስ ነገርም በመስታወቱ ላይ ሳይታይ ወይም ተምታቶ ይቀራል። በዚህም ምክንያት ከመቅደላ ግርጌ የተደረገው የእሮጌ ውጊያ ፎቶ የለም፤ የቀረልን ገደሉ፣ የሰፈሩ ድንኳን፣ አምባውና ተሰልፈው የቆሙ ሰዎች ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶ ተነሳ፤ በእኔ እምነት ከዘመቻው ሁሉ እጅግ የሚከብደው የጦርነት ፎቶ፣ መሣሪያም ጭስም የማይታይበት ይህ የሕፃን ፊት ነው። ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት የዘመቻውን 150ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ከ2018 ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ ባሳየው አነስተኛ ማሳያ ላይ የወርቅ ዘውዱን፣ ጽዋውንና የእቴጌይቱ እንደሆኑ የሚታመኑ ልብስና ጌጦችን ከዘመቻው ፎቶዎች ጋር አቅርቦ ነበር። ማሳያው ተዘግቷል፤ የቅርሶቹ ጥያቄ ግን አልተዘጋም። የዘመቻው ፎቶዎች ቼልሲ በሚገኘው ናሽናል አርሚ ሙዚየምም ስላሉ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያጠና ሰው ቀድሞ ጽፎ ቀጠሮ በመያዝ ሊጠይቅ ይችላል፤ ይኸው ሙዚየም የዐፄ ቴዎድሮስን የፀጉር ጉንጉን በ2019 ለኢትዮጵያ የመለሰ ነው።

እንግዲህ ለማን የትኛው?

ከልጆች ጋር ለሚሄድ ወላጅ ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም ይመረጣል፤ ልጅ ከፎቶ በፊት የሚጨበጥ ነገር ይፈልጋል፣ አውሮፕላኑና ሮኬቱም ጥያቄ ያስነሱለታል። ይሁን እንጂ በዚያው ሕንጻ ያሉትን የሆሎኮስት አዳራሾች ሙዚየሙ ራሱ ከ14 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች አይመክርም፤ ይህን ምክር እንደ ልማድ ማሳሰቢያ አቅልሎ ማለፍ አይገባም። የህትመት ጥራትና የብርሃን አያያዝ ለሚያስጨንቀው ፎቶ አንሺ ቴት ብልጫ አለው። ጊዜውም ገንዘቡም ጥቂት ለሆነ ሰው ዓርብ ማምሻውን ፎቶግራፈርስ ጋለሪ ጎራ ማለት ይበቃዋል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጦርነትን በፎቶ ሳይሆን በአካል ለሚያውቅ ጎብኚ ነው። ለንደን ውስጥ ከእኛም ማኅበረሰብ፣ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያና ከሱዳንም የመጡ እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ወዳጅ ዘመድ “ና እንሂድ፣ ቆንጆ ሙዚየም አለ” ብሎ ሳያስጠነቅቅ ሲወስዳቸው ይታያል። ለእነርሱ የሚሻለው አስቀድሞ በድረ ገጹ ፎቶዎቹን አይቶ መወሰን፣ ከሄዱም ድንገተኛ የፍንዳታና የሳይረን ድምፅ ካላቸው ፊልሞች መራቅ ነው። በዚህ ረገድ የቴት ጸጥታ ከጦርነት ሙዚየሙ ይመቻል፤ ሰው የሌለባቸው የሜዳና የበረሃ ፎቶዎች ግን ለሌላው ጎብኚ ቀዝቃዛ ቢመስሉም ለአንዳንዱ ከሬሳ ፎቶ የበለጠ ሊከብዱ እንደሚችሉ አብሮ የሚሄደው ሰው ሊያስብበት ይገባል። ማንም ቢሆን ትኬት ከፍያለሁ ብሎ እስከ መጨረሻው ክፍል የመቆየት ግዴታ የለበትም፤ አብዛኞቹ ትልልቅ ዐውደ ርእዮች መሀል ላይ መውጫ ስለማይኖራቸው መንገዱን በር ላይ ያሉትን ሠራተኞች አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል።

በአንድ ቀን ሁለት ቤት ማየት ለሚፈልግ የሚያዋጣው ጥምረት ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየምና ቴት ብሪተን ናቸው፤ በቴምዝ ወንዝ በዚህና በዚያ ማዶ ሆነው በላምቤዝ ድልድይ በኩል በግማሽ ሰዓት ገደማ የእግር መንገድ ይገናኛሉ። ቅደም ተከተሉ ጠዋት የጦርነት ሙዚየሙ፣ ከምሳ በኋላ ቴት ቢሆን ይመረጣል፤ ጠዋት ላይ የትምህርት ቤት ቡድኖች ከመብዛታቸው በፊት፣ በሩ እንደተከፈተ በቀጥታ ወደ ፎቶግራፍ አዳራሾቹ መውጣት፣ ታችኛውን ፎቅ ደግሞ ለመመለሻ ማቆየት ነው። በቴት ብሪተን የጦርነት ፎቶ ዐውደ ርእይ በሌለበት ወቅት ግን ወንዙን ከመሻገር ይልቅ ቀሪውን ሰዓት እዚያው ላምቤዝ ማሳለፍ ይሻላል።